ልውውጥ ወይስ ቅበላ?
የሳይንስ መምህራን ዓለም አቀፍ ግንኙነት ከየካና ከእንጦጦ ሲመዘን

መንደርደሪያ

የሳይንስ መምህር ከአገሩ ውጭ ካሉ የሙያ ባልደረቦቹ ጋር ተገናኝቶ መማሩ ጠቃሚ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ጥያቄው ምን ይዞ እንደሚሄድ፣ ከማን ጋር እንደሚገናኝና ሲመለስ ያመጣው ነገር ከተማሪው ጠረጴዛ ይደርስ እንደ ሆነ ነው። ካለፉት ስድሳ ዓመታት ወዲህ በአገራችን «የመምህራን ልውውጥ»፣ «ዓለም አቀፍ ጉባኤ»፣ «የልምድ መቅሰሚያ ጉዞ» በሚሉ ስሞች ብዙ ሥራ ተሠርቷል። ስለ ሥራው ብዛት በየጊዜው ዘገባ ይቀርባል፤ ስለ ምንነቱ ግን ሂሳዊ ምርመራ እምብዛም አይደረግም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ምርመራ በአጭሩ መሞከር ነው።

ለምርመራው መነሻ የሆነው ሥፍራ የአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ ክፍል፣ ማለትም የካ ክፍለ ከተማና ከበላዩ የተዘረጋው የእንጦጦ ተራራ ነው። ሥፍራው የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ሥራውን የጀመረው የመምህራን ማሠልጠኛ ኋላ ወደ ኮተቤ ተዛውሮ ዛሬ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ይጠራል። ከተራራው ራስ ላይ ደግሞ የእንጦጦ የጠፈር ምልከታና ምርምር ማእከል ይገኛል። እንግዲህ ከግርጌ መምህር የሚወጣበት፣ ከራስጌ ዓለም አቀፍ ሳይንስ የሚሠራበት ተቋም አለ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ዳገት ለእግረኛ እንኳ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ይህን ዳገት ያላገናኘ የልውውጥ ሥርዓት ባሕር ተሻግሮ ያገናኛል ብሎ ተስፋ ማድረግ ያስቸግራል።

1. የተወረሰው ልማድ

በግንቦት 1953 ዓ.ም. (1961 እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ጠሪነት በአዲስ አበባ ተሰበሰበ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ድረስ ለሁሉም እንዲዳረስ ያወጣው ዕቅድ የመምህር እጥረት በአህጉሩ ሁሉ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ገሃድ አደረገ። በተከታዩ ዓመት የአሜሪካ የሰላም ጓድ ሦስት መቶ የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞችን ወደ ኢትዮጵያ ላከ፤ አብዛኞቹም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። ህንዳውያን መምህራንም ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና ሒሳብን በየጠቅላይ ግዛቱ ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል። በዚያ ዘመን ተምሮ ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም የሳይንስ መምህር ከሆነው ሰው መካከል በእነዚህ እንግዶች እጅ ያላለፈው ብዙ አይደለም። ምስጋናቸው ሊዘነጋ አይገባም።

ይሁን እንጂ አሠራሩ ሲመረመር የተነደፈው ክፍት የነበረውን የማስተማሪያ ቦታ ለመሙላት ነበር። የውጭው መምህር የራሱን ክፍል ይይዛል፤ ኢትዮጵያዊው መምህርም እንዲሁ። ሁለቱ በአንድ ሠርቶ ማሳያ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመው አንዱ የሌላውን ትምህርት እንዲያይና እንዲተች የሚያስገድድ ሥርዓት አልነበረም። ስለዚህ የውል ዘመኑ ሲያበቃ ሰውየው ዕውቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ የሚቀረው በተማሪው ደብተር ላይ የተጻፈው ብቻ ነው።

በ1962 እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ፣ በእንቴቤ ከተማ የተጀመረው የአፍሪካ የሒሳብ መርሐ ግብር ከዚህ አንድ እርምጃ የራቀ ነበር። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ መምህራን ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ባለሙያዎች ጋር ተቀምጠው የመማሪያ መጻሕፍትን በጋራ ጻፉ። አብሮ መጻፍ አብሮ ከመስማት እጅግ ይበልጣል። ነገር ግን መጻሕፍቱ የተመሠረቱበት «አዲሱ ሒሳብ» የሚባለው አስተሳሰብ ቀድሞ በሌላ አገር፣ ለሌላ አገር ችግር የተወጠነ ነበር። ጠረጴዛው የአፍሪካ ነበር፤ ጥያቄው ግን አልነበረም። ይህ ልዩነት ከዚህ በታች ለሚነሣው ነገር ሁሉ ቁልፍ ስለሆነ አንባቢው እንዲያስተውለው ያሻል።

2. ሰጪ የሆንበት ጊዜ

ከዚህ ልማድ የሚለይ አንድ ምሳሌ በዚያው ዘመን ይገኛል። ከሐምሌ 1957 እስከ ታኅሣሥ 1958 እ.ኤ.አ. በቆየው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት፣ በአራት ኪሎ በነበረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ ተቋቋመ። ሥራውን ያቀኑት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ፒየር ጉዋን ነበሩ። አዲስ አበባ በመሬት መግነጢሳዊ ወገብ አጠገብ ስለምትገኝ ከዚህ የሚነበበውን ልክ ከለንደንም ሆነ ከሞስኮ ማግኘት አይቻልም ነበር። ጣቢያው የመሬት መንቀጥቀጥንም ይመዘግብ ጀመር፤ አባ ጉዋንም የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በ1979 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጡ።

የዚህ ምሳሌ ትምህርት በመሥራቹ ዜግነት ላይ አይደለም። ድኻ አገር በዓለም የሳይንስ ማዕድ ላይ ሊቀመጥ የቻለው ሌላው የሌለውን ልኬት ይዞ ስለ ቀረበ ነው። ልውውጥ የሚለው ቃል ራሱ ይህንን ይጠይቃል፤ መስጠትና መቀበል በአንድነት ሲገኙ እንጂ መቀበል ብቻውን ልውውጥ አይባልም። መቀበል ብቻ ከሆነ ትክክለኛ ስሙ ቅበላ ነው።

3. የናይሮቢው መንገድ

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፣ የሳይንስ መምህራንን ከጎረቤት አገር ጋር ካገናኙት መርሐ ግብሮች ዋነኛው በተለምዶ «ስማሴ» የሚባለው የሒሳብና የሳይንስ ትምህርት ማጠናከሪያ ነው። በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት ድጋፍ በ1998 እ.ኤ.አ. በኬንያ ተጀምሮ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተስፋፋ። በኢትዮጵያም በ2003 ዓ.ም. (2011 እ.ኤ.አ.) ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል መምህራን ሥልጠና ተጀመረ። መሠረተ ሐሳቡ በአራት ቃላት ይጠቃለላል፤ ትምህርቱ በተግባር እንዲሆን፣ ተማሪው ማእከል እንዲሆን፣ ሙከራ እንዲኖርና የጎደለው መሣሪያ በአካባቢ ቁስ እንዲተካ ነው። መምህሩም ያቅዳል፣ ይፈጽማል፣ የፈጸመውን ያያል፣ ያሻሽላል።

ይህ መርሐ ግብር ሁለት ትልልቅ ብልጫዎች አሉት። አንደኛ፣ አፍሪካዊው መምህር ከአፍሪካዊ መምህር እንዲማር አድርጓል። የኬንያው አሠልጣኝ ብዙ ተማሪ ባለበትና ውኃ በሌለበት ቤተ ሙከራ ማስተማር ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የሚናገረውም ከዚያ ተነሥቶ ነው። ሁለተኛ፣ መሣሪያ የለም የሚለውን የቆየ ምክንያት በቀጥታ ተጋፍጧል።

ጉድለቱ ያለው በመተላለፊያው መንገድ ላይ ነው። ዕውቀቱ ከማእከል ወደ ክልል አሠልጣኝ፣ ከክልል አሠልጣኝ ወደ መምህር እንዲወርድ ተደርጓል። ውኃ ከምንጭ ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ መደብ ሲወርድ በየመንገዱ እንደሚሰርግ ሁሉ፣ በዚህም መንገድ የሚወርደው ሐሳብ ሳይሆን ቅጹ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ያለው መምህር «ተግባር፣ ተማሪ፣ ሙከራ፣ መተኪያ» የሚሉትን ቃላት በትምህርት ዕቅዱ ላይ ይጽፋል፤ የሚያስተምረው ግን እንደ ቀድሞው ነው። ከሁሉ በላይ መንገዱ ወደ ታች ብቻ የሚፈስ ነው። ከመምህሩ ተነሥቶ ወደ ማእከል፣ ከማእከልም ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ የሚሄድ ጥያቄ ቦይ አልተቆፈረለትም።

4. ከእንጦጦ ራስ

የኢትዮጵያ የጠፈር ሳይንስ ማኅበር በ1996 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ በእንጦጦ በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መስታወታቸው አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት ማእከል በ2007 ዓ.ም. ተመረቀ። ከሁለት ዓመት በኋላም በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ሥር የሚካሄደው አራተኛው የመካከለኛው ምሥራቅና የአፍሪካ ቀጠና ጉባኤ ከግንቦት 14 እስከ 17 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተደረገ። ለአገራችን ሳይንስ ክብር የሆነ ጉባኤ ነበር። ጉባኤው የተጠራው በዋናው ለተመራማሪዎች ስለሆነም በመምህር ሚዛን ብቻ ሊመዘን አይገባም።

ሆኖም ትምህርትን ለማስተዳደር ኃላፊነት ያለብን ሰዎች ራሳችንን የምንጠይቀው ነገር አለ። ከግንቦት 14 እስከ 17 ማለት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ማለት ነው። ግንቦት መምህሩ የዓመቱን ትምህርት የሚጨርስበት፣ ተማሪውን ለፈተና የሚያዘጋጅበት ወር ነው። በየካ የሚያስተምር የፊዚክስ መምህር በዚያ ሳምንት ክፍሉን ትቶ ለመሄድ ፈቃድ ይጠይቅ ቢባል ርእሰ መምህሩ ምን ይመልስለታል? የዓለም ሊቃውንት ወደ ከተማው በመጡበት ሰዓት እርሱ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ፊት ቆሟል። ጥፋቱ የጉባኤው ጠሪዎች አይደለም፤ ጉባኤ በሚመጣበት ጊዜ ለመምህራን አንድ ቅዳሜ እንዲለይ፣ ዋና ዋና ጥናቶችም በአማርኛ ተጠቃለው ወደ ትምህርት ቤቶች እንዲደርሱ አስቀድሞ የሚያስብ ክፍል በትምህርት አስተዳደራችን ውስጥ አለመኖሩ ነው።

በአንጻሩ የዚሁ ኅብረት ጠቅላላ ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኬፕ ታውን ከሐምሌ 30 እስከ ነሐሴ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲካሄድ ወቅቱ የእኛ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉበት ክረምት ነበር። በዚህ ጊዜ የሚያግደው ፈቃድ ሳይሆን የጉዞው ወጪ ነው። አንድ ጊዜ ሰዓቱ፣ አንድ ጊዜ ገንዘቡ እንቅፋት የሚሆን ከሆነ፣ የመምህሩን ትምህርት በጉባኤ ላይ ብቻ መመሥረት እንደማይቻል ግልጽ ነው።

5. የጉዞ ዘገባ እንደ ጽሑፍ

የልውውጥን ሥርዓት ለመተቸት ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ ሥርዓቱ ራሱ የሚወልደው ጽሑፍ፣ ማለትም የጉዞ ዘገባ ነው። ሥርዓተ ትምህርት የሚያዘጋጅ ሰው በሥራው አጋጣሚ ብዙ እንዲህ ያሉ ዘገባዎችን ያነባል። ቅርጻቸው ከሞላ ጎደል አንድ ነው። በምስጋና ይጀምራሉ፤ የመክፈቻውን ንግግር ያደረጉትን ሹማምንት ስምና ማዕረግ ይዘረዝራሉ፤ የጉባኤውን መርሐ ግብር በቀንና በሰዓት ይገለብጣሉ፤ የተጎበኙትን ሥፍራዎች ያመሰግናሉ፤ በመጨረሻም «እንዲህ ያለው ዕድል ወደፊትም ቢቀጥል» በሚል አስተያየት ይዘጋሉ።

በእነዚህ ዘገባዎች ውስጥ የሚጠፋው ግሥ «ጠየቅሁ» የሚለው ነው። ተሳተፍን፣ ተከታተልን፣ ጎበኘን፣ ቀሰምን የሚሉት ሞልተዋል። ተጓዡ ከራሱ ክፍል ይዞት የሄደው ችግር ምን እንደ ነበር፣ ለባልደረቦቹ ያሳያቸው ነገር ምን እንደ ነበር፣ እነርሱም ምን ብለው እንደ ተከራከሩት ለማወቅ የሚፈልግ አንባቢ ባዶ እጁን ይመለሳል። በዘገባው ላይ የተጓዡን ሰነፍነት ማንበብ ስሕተት ነው። ሲላክ ጥያቄ እንዲይዝ ያዘዘው የለም፤ ሲመለስም በተማሪ ፊት ቆሞ እንዲያሳይ የጠየቀው የለም። የተጠየቀው ወረቀት ነው፤ የሰጠውም ወረቀት ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው የአበው ቃል የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ከውጭ የመጣ ዘዴ በራስ ጥያቄ ካልተፈተነ ጌጥነቱ ለሰነድ ብቻ ይሆናል።

6. ከየካ ሊወጣ የሚችል ጥያቄ

«መምህራችን ለዓለም የሚሰጠው ምን አለው?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። መልሱ ከመምህሩ እግር ሥር ነው። ሁለት ምሳሌዎች ብቻ እንመልከት።

የመጀመሪያው የውኃ መፍላት ነው። የመማሪያ መጽሐፍ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላል። ይህ እውነት የሚሆነው በባሕር ወለል ላይ ነው። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የየካ ሠፈር ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ያህል፣ በእንጦጦ ራስ ላይ ደግሞ በ90 ዲግሪ ያህል ነው። በናይሮቢ ከ94 እስከ 95 ይደርሳል፤ ከባሕር ወለል በታች ባለው በዳሎል ከ100 በጥቂቱ ያልፋል። አሁን አንድ ተማሪ ቴርሞሜትሩን አንብቦ 92 ብሎ ጻፈ እንበል። መምህሩ መጽሐፉን አምኖ «ተሳስተሃል፣ እንደገና አንብብ» ካለው፣ ተማሪው በሁለተኛው ጊዜ 100 ብሎ ይጽፋል። በዚያች ቅጽበት ልጁ የተማረው ዐይኑን እንዳያምን ነው። ከዚያ በኋላ የሚማረው ሳይንስ ሁሉ የቃል ጥናት ይሆናል። ቴርሞሜትሩ ልክ እንደ ነበር፣ የአየሩ ግፊት ከከፍታ ጋር እንደሚቀንስ ለማስረዳት የሚችል መምህር ግን ይህንኑ ልኬት ይዞ በባሕር ዳርቻ ከተማ በሚደረግ ማንኛውም ዐውደ ጥናት ላይ ሊቀርብ ይችላል። የሞምባሳው መምህር ይህን ልዩነት በክፍሉ ሊያሳይ አይችልም፤ የእኛው ግን ተማሪዎቹን ዳገት በማስወጣት ብቻ ያሳያል።

ሁለተኛው የቀትር ጥላ ነው። በሰሜን አገሮች የተጻፉ መጻሕፍት የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ያመለክታል ይላሉ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ 5 እና በነሐሴ 23 አካባቢ፣ ከአናት በላይ ታልፋለች፤ በእነዚህ ቀናት የቆመ በትር ቀትር ላይ ጥላ የለውም። በሁለቱ መካከል ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል። መጽሐፉንና ግቢውን ያስተያየ ተማሪ መጽሐፉ ለማን እንደ ተጻፈ ይረዳል።

ከዚህም በላይ በመጋቢት 11 ገደማ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት፣ በኮተቤ የተተከለ የአንድ ሜትር በትር በቀትር ወደ ሰሜን 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። በዚያው ቀን በናይሮቢ የተተከለ ተመሳሳይ በትር ወደ ደቡብ ከ2 ሳንቲ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ጥላ ይጥላል። ከሁለቱ ጥላዎች የሚገኙት ማእዘኖች ሲደመሩ 10.3 ዲግሪ ያህል ይሆናሉ። በካርታ ላይ በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚለካው የሰሜን ደቡብ ርቀት 1,145 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሙሉ ክቡ 360 ዲግሪ ስለሆነ የመሬት ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ይወጣል። ይህ ከሁለት ሺህ ዓመታት በፊት ኤራቶስቴንስ በግብፅ የተጠቀመበት ስሌት ነው፤ የ8ኛ ክፍል ተማሪም በማስመሪያና በፕሮትራክተር ሥሎ ሊደርስበት ይችላል። ውጤቱ 38,000 ወይም 42,000 ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ስሕተቱ ከበትሩ መዘመም ይሁን ከሰዓቱ የሚደረገው ክርክር ራሱ ሳይንስ ነው። ለምሳሌ ፀሐይ ከፍተኛ ቦታዋን የምትይዘው በአዲስ አበባ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በናይሮቢ ደግሞ ስምንት ደቂቃ ያህል ዘግይታ መሆኑን ያልተገነዘበ ክፍል ጥላውን በተሳሳተ ሰዓት ይለካል።

ይህ ሥራ ብቻውን ሊፈጸም የማይችል መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። የየካው መምህር የናይሮቢውን ልኬት ይፈልጋል፤ የናይሮቢውም የየካውን። ከዚህ የበለጠ የልውውጥ ፍቺ አይገኝም። ከእንጦጦው የአንድ ሜትር መስታወት በፊት ለትምህርት ቤቶቻችን የሚያስፈልገው ይህ የአንድ ሜትር በትር ነው። በትሩን የለመደ ተማሪ ተራራውን ወጥቶ ቴሌስኮፑን ሲያይ የሚጠይቀው ነገር ይኖረዋል።

7. ማጠቃለያ

ከላይ የተባለው ሁሉ ወደ አንድ ፍሬ ነገር ይመለሳል። የሳይንስ መምህር ከዓለም አቀፍ ግንኙነት የሚማረው ይዞ በሄደው ጥያቄ መጠን ነው። ስለዚህ የሚከተሉት አሳቦች ለውይይት ይቀርባሉ።

ሀ) ለሥልጠናም ሆነ ለጉባኤ የሚላክ መምህር በቅድሚያ ከተማሪዎቹ ጋር የሠራውን አንድ ልኬት ወይም ሙከራ ይዞ እንዲሄድ፣ ምርጫውም በዚህ እንዲመዘን። በክፍል ውስጥ የማያስተምር የቢሮ ኃላፊ በመምህር ስም መላኩ ይቅር።

ለ) የጉዞ ዘገባ በወረቀት መቅረቡ ቀርቶ፣ ተመላሹ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ በጉድኝት ማእከሉ ባሉ መምህራን ፊት በእውነተኛ ተማሪዎች ላይ ትምህርት እንዲያሳይና እንዲተች። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ማእቀፍ መምህሩ በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት እንዲማር ይጠይቃልና ይህ ሥራ ከዚያው ሰዓት ይታሰብለት።

ሐ) ወደ ናይሮቢ ሄዶ የሚመለስ ሁሉ የአንድ ባልደረባ አድራሻና አብረው የሚሠሩት አንድ ልኬት ይዞ እንዲመለስ። የጥላው ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ በቂ ነው።

መ) በእንጦጦ ወይም በከተማው የሚደረግ የሳይንስ ጉባኤ ሁሉ በአማርኛ የሚካሄድ አንድ የመምህራን ቅዳሜ እንዲኖረው ትምህርት ቢሮዎች አስቀድመው እንዲዋዋሉ።

የሚሠራበት ጊዜም ሩቅ አይደለም። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. (2027 እ.ኤ.አ.) በሉክሶር ግብፅ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል፤ በአዲስ አበባም በከፊል ይታያል። የክረምቱ ደመና ፀሐይዋን ሊጋርድ ይችላል፤ ነገር ግን የብርሃኑን መቀነስና የአየሩን ሙቀት በየአምስት ደቂቃው መመዝገብ ደመናም አይከለክለው። በሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ቀለበታዊው ግርዶሽ በላሊበላ ሲያልፍ ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት ከመጋቢት ጀምሮ ተዘግተው ነበር። የሚቀጥለው ግርዶሽ ሲመጣ የኮተቤው መምህር የሉክሶሩን መምህር በስም የሚያውቀው፣ የተመዘገበውን ቁጥርም የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ለስድሳ ዓመታት «ልውውጥ» ስንለው የኖርነው ነገር ለስሙ የበቃ ይሆናል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ የበትርና የቴርሞሜትር ያህል ነው፤ ሸክሙን ተካፍሎ የሚያስጀምረው ግን የትምህርት አስተዳደሩ ውሳኔ ነው።